ዜና ዘሊካ፦ አርባ ሦስት ሪፖርት በማሽላ ማማ ሥር እንዴት እንደታረመ

በዘሊካ ዘመን፣ ዩኒቨርሲቲ በገባች በአምስተኛው ዓመት፣ አንዱን ዓመት መዘጋት ባይበላባት አራተኛ ይባል በነበረው፣ የካፌው ሽሮ ከቀጠነ በሦስተኛው መንፈቅ፣ ረዳት መምህራን ሥራ ካቆሙ በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ወርኁ ጥቅምት፣ ዕለቱ ረቡዕ፣ ይህ ሆነ። ከዚያ በፊትም ብዙ ሆኗል፤ ያን ሌላ ሰው ይጻፈው።

ይህች ዘሊካ የቆቦ ልጅ ናት፤ የጎማ ጠጋኙ የአህመድ የበኩር ልጅ፣ የኬሚስትሪ ተማሪ፣ በአምስት ዓመት አንድ ብልቃጥ ብቻ የሰበረች፣ እሱንም ጓደኛዋ ራዊያ ገፍታት፤ ተራዋን የማትለቅ፣ ነገር የማታስረዝም፣ ድምፅዋ ከቆቦ መናኸሪያ ተነሥቶ ገበያ ውስጥ የቆመ አህያ የሚያባንን።

የአድማው ምክንያት ወንበር ነው። ረዳት መምህራኑ ሃያ ስድስት ናቸው፤ ቢሮአቸው አንድ፣ ወንበራቸው ሦስት። ላቦራቶሪውን የሚከፍቱ እነሱ፣ አሲዱን የሚቀዱ እነሱ፣ ሪፖርቱን የሚያርሙ እነሱ፣ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ የት እንደተቀመጠ የሚያውቁም እነሱ ብቻ ሆነው ሳለ፣ ተራ ገብተው ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ሦስተኛው ወንበር ከነተቀማጩ ወደቀ። አሜሃ እንዲህ የሚል ዐዋጅ ወጣ፦

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! ወንበር እስኪመጣ ላብ አንገባም፤ ሪፖርት አናርምም፤ ቀይ እስክሪብቶ በእጃችን አይነካም፤ ቁልፉንም አናሳይም። እስከ ዛሬ ቆመን አስተማርን። አሁን ደግሞ ቁጭ ብለን እናስቸግር።»

ተማሪው ይህን በሰማ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ዘለለ፤ በሁለተኛው ተኛ፤ በሦስተኛው ካርታ ተጫወተ፤ በሳምንቱ ካርታውም ሰለቸው። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ተበተነ። ጢም ያሳደገ አለ። ፀጉር መቁረጥ ተለማምዶ የሕንፃውን ልጅ በሙሉ አንድ ዓይነት ያስመሰለ አለ። ቀድሞ ያነበበ አንድ ነበር፤ ማንም አላናገረውም። ሌሎቹ ወደየአገራቸው ገቡ፤ ዘሊካም ወደ ቆቦ ገብታ ያባቷን ጎማ ስትነፋ ሰነበተች። ላቦራቶሪው ውስጥ ለሙከራ በጠርሙስ የቀረው ኮምጣጤም ማንም ሳይለካው ተነነ።

ወእምዝ ሬጅስትራሩ ዐወጀ፦ «የላብ ውጤቱ ተፈርሞ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ያልደረሰን ክፍል ለመውጫ ፈተና አይመዘገብም። የሚቀጥለው ምዝገባ የሚቀጥለው ዓመት ነው። ስለ ወንበር እዚህ አትምጡብን።»

ዋናው አስተማሪ ዶክተሩም ተጠየቁና ዐወጁ፦ «እኔ ሪፖርት አላርምም። የት እንዳለም አላውቅም። ላቦራቶሪው ራሱ የትኛው ፎቅ ነበር?»

የአርባ ሦስት ልጅ ዕድል እንግዲህ በአንድ ሰው እጅ ወደቀ። ዘሊካ ላይ ግን ከሁሉ ይብስ ነበር፤ አምስተኛ ዓመቷ ነውና ስድስተኛ መባል ሞት ነው፤ ከኋላዋ የገባችው ታናሽዋ ኢቅራም ደርሳባታለች። አባቷ አህመድ ለሰው ሲያስተዋውቃት «ይህቺኛዋ አሁንም ትማራለች» ማለት ጀምሯል። ይህን ቃል ሦስት ጊዜ ሰማች። አራተኛውን ላለመስማት ተነሣች።

ያ አንድ ሰው ኸይረዲን ይባላል፤ ረዳት መምህር፣ ዐቃቤ ሪፖርት፣ የአድማው ኮሚቴ ጸሐፊ። አድማው በተጀመረ ማግስት አርባ ሦስቱን ሪፖርት ማንም እንዳይነካበት በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ወደ አባቱ ቤት ይዞት ሄደ፤ ቤቱም ከዋጃ ወዲህ፣ ከማሽላው ማሳ አጠገብ ነው። ለማረፍ አስቦ ነበር። አባቱ ሸህ ኑሀ ግን በደጃፍ ተቀብለው ዐወጁ፦ «አድማው ዩኒቨርሲቲ ነው። ማሽላው ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ውጣ ማማ!»

ጊዜው ማሽላው ዛላው የሞላበት፣ ግሪሳ የሚባለው የወፍ መዓት የሚወርድበት ነው። ኸይረዲን ማማ ላይ ወጣ፤ ወንጭፍ ያዘ። አልከፋውም፤ በዚያ ማሳ ሁሉ ኔትወርክ የሚገኘው ከማማው ላይ ብቻ ነበርና፣ በአንድ እጁ ወፍ እያባረረ በሌላው የኮሚቴውን መልእክት ይጽፍ ነበር። «ጽኑ!» ብሎ ይጽፋል፤ ሃያ አምስት ሰው «ጽኑ!» ብሎ ይመልሳል። ግማሹ መልእክት መሐል ላይ ለወፍ የሚባለው «ሁሽ!» ገብቶበታል፤ ኮሚቴው ምሥጢራዊ ቃል መስሎት ይመልሰው ነበር።

ዘሊካ የተነሣች ዕለት የተከተላት ሠራዊት ቁጥሩ ይህ ነው። በቴሌግራም አርባ ሁለቱም «አለንልሽ» አሉ፤ አውራ ጣትም ላኩ። ከክፍሉ ልጆች ቆቦ አካባቢ የነበሩት ዘጠኝ ናቸው። ሦስቱ ጎብዬ ካፌ ተገናኝተው በዚያው ተቀመጡ፤ እስከ ዛሬ «መንገድ ላይ ነን» ይላሉ። ሁለቱን እንቅልፍ ወሰዳቸው። አንዱን እናቱ ወፍጮ ቤት ላከችው። አንዱ «የት ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን አላነበበም። ራዊያ እስከ መናኸሪያ መጣች፤ ጫማዋን አየች፤ ተመለሰች። ዘጠነኛዋ ዘሊካ ናት።

በገዛኸኝ ባጃጅ ሄደች። ገዛኸኝም ከአስፋልቱ ዳር ባጃጁን አቁሞ እንዲህ አለ፦ «ከዚህ ወዲያ ማሳ ውስጥ አልገባም። ጎማውን የጠገነው አባትሽ ነው፤ እሱን የማምነው እስከዚህ ነው።» ወርዳ በእግሯ ሄደች። ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። ስለ ፀሐይ ሌላ አልጨምርም፤ ቆላ ነው።

በዚያ አገር ሥርዓት አለ። በእሸት ጊዜ ጉዳይ ይዞ ወደ ማማ የመጣ ሰው ጉዳዩን ከመናገሩ በፊት ወንጭፉን ተቀብሎ አንድ ዙር ወፍ ያባርራል። ወንጭፍ የተቀበለ ሰው ደግሞ ተረካቢ በእጁ ሳይቀበለው አይወርድም፤ ባዶ ማማ የሰው እንጀራ ለወፍ መስጠት ነውና። ዘሊካም የአገሩ ልጅ ናት፤ «ቢስሚላህ» ብላ ወጣች፤ ወንጭፉን ተቀበለች። ኸይረዲን ስልኩን እላይ ትቶላት፣ መልእክት ሲመጣ ጮክ ብላ እንድታነብለት አደራ ብሎ ወረደ፤ ከማማው ሥር ጥላ ላይ ሽርጡን አነጠፈ፤ ተኛ።

ከእንቅልፉ ሲነቃ ጉዳይዋን ነገረችው። እሱም ተኝቶ እንዳለ ዐወጀ፦ «አብሽሪ ዘሊካ። ሐዘንሽ ይገባኛል። ግን አድማ አድማ ነው። ወንበር ሲመጣ አርማለሁ።» ሊረከባትም አልወጣም። ጎኑን ለውጦ ተኛ።

የዚያን ዕለት ጦርነት በአጭሩ ይህ ነው። የወነጨፈቻት የመጀመሪያዋ ጓል ወደ ኋላ ሄዳ የሸህ ኑሀን ጀሪካን በሳች። ሁለተኛዋ ወደ ላይ ሄዳ ተመለሰች። ሦስተኛዋ የት እንደሄደች አይታወቅም። አሜሃ ዘሊካ ወንጭፉን ትከሻዋ ላይ ጣለች፤ የወፍ ማስደንገጫውን ቆርቆሮ አነሣች፤ አፏንም ከፈተች። ግሪሳው አንድ ላይ ብድግ ብሎ እንደ ጥቁር ነጠላ ተገለበጠና በጎረቤቱ በከበደ ማሳ ላይ ወረደ። ከበደም ከራሱ ማማ ላይ ሆኖ ዐወጀ፦ «ማን ናት ይቺ! ወፍሽን እዚያው ያዢ! ከብቴ ወተት ከለከለኝ!» ሸህ ኑሀ ግን ደስ አላቸው። «ማሻ አላህ፣ ጉሮሮ!» አሉ። ይህን እስኪመሽ ይሉ ነበር። ሲመሽ ወፍም ሰውም ገብቶ ተኛ፤ ሌሊት ወፍ የለምና ዘሊካም ወንጭፉን እንደያዘች በሸህ ኑሀ ቤት አደረች።

ወበሳኒታ፣ ማለት ሐሙስ፣ ጎህ ሲቀድ ወንጭፉ አሁንም በዘሊካ እጅ ነበር፤ ተረካቢ አላገኘችም። ወጣች። እስከ አራት ሰዓት ጮኸች። ኸይረዲን ጥንቅሽ እያኘከ፣ ከሥር ሆኖ፣ «በግራ በኩል ወረዱ» እያለ ያመለክታት ነበር። ድምፅዋ እየሻከረ ሄደ። ነገ ዓርብ ነው። ከዋጃ ወገን ሰማዩ ጠቆረ፤ ደመና አይደለም።

አሜሃ ዘሊካ ቆርቆሮውን አስቀመጠች። ወንጭፉን በአንገቷ አጠለቀች። እግሯን አጣጥፋ ማማው ላይ ተቀመጠች። ከዚያም ዐወጀች፦

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! እኔ ዘሊካ አህመድ ከዚች ሰዓት ጀምሮ ሥራ አቁሜአለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ አርባ ሦስቱ ሪፖርት ይታረም። የኔ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም። ማማውን አለቅም፤ ወፍም አላባርርም። ቲቸር፣ አንቱ ቁጭ ብለው አስቸገሩን፤ እኔም ይኸው ቁጭ ብያለሁ።»

ሸህ ኑሀ ይህን በሰሙ ጊዜ ከዘራቸውን ወረወሩ፤ ቀጥሎም ያለ ከዘራ መቆም አቅቷቸው እንደገና አስመጡት። ራሳቸው ማማ እንዳይወጡ ጉልበቱ የላቸውም። ልጃቸውን፣ «ውጣና ወንጭፉን ተቀበላት!» ብለው አዘዙ። ኸይረዲንም አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አደረገ። በዚያው ደረቀ።

የደረቀበት ምክንያት ይህ ነው። የአድማው ደንብ አራተኛ አንቀጽ፣ ሥራ ባቆመ ሰው ቦታ ገብቶ የሠራ ከዳተኛ ነው ይላል። አንቀጹን ያረቀቀው ራሱ ኸይረዲን ነው። ሦስት ሌሊት ፈጅቶበታል፤ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር ያውቀዋል። ወንጭፉን ቢቀበል የዘሊካን አድማ ሰበረ፤ ሪፖርቱን ቢያርም የራሱን አድማ ሰበረ። ከሁለት አንዱን መሆን የማይቀርለት ከዳተኛ ሆኖ በአንድ እግሩ መሰላል ላይ ቆመ።

ግሪሳው ወረደ። በዳር ያለውን የመጀመሪያውን ትልም ያዘ። ጅጉርቲ የሚባለው ማሽላ ነው፤ ዛላው የሕፃን ጭንቅላት ያህል። ድምፁ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይመስል ነበር።

ሸህ ኑሀ እየጮኹ ዐወጁ፦ «ያ ረቢ! ለሃያ ስድስት ወንበር ብለህ የዘጠኝ አፍ እንጀራ ልታስበላ ነው? ይቺ ልጅ እንኳ ወረቀቷን ነው የጠየቀችህ! ወረቀት ነው እኮ! እኔ አርም ብትለኝ ባርምላት!»

ኸይረዲንም በድካም ድምፅ መለሰ፦ «አባ፣ መርሕ ነው።»

በዚህ መካከል እናቱ እትዬ መይሙና ምሳ በመሶብ ተሸክመው ከቤት መጡ። ወፉን አዩ፤ የተቀመጠችውን አዩ፤ በአንድ እግሩ የቆመውን አዩ። ነገሩን ጠየቁ፤ ተነገራቸው። መሶቡን ምድር ላይ አኖሩ፤ ክዳኑ ላይ ተቀመጡበት፤ ዐወጁም፦ «እንግዲያው እኔም አድማ ላይ ነኝ። እስኪታረም ምሳ የለም። እራትም እንጃ።»

ሦስት አድማ በአንድ ማሳ ላይ ቆመ። እንዲህ ያለ በራያ ምድር አልታየም። ሁለተኛው ትልም ተያዘ።

ኸይረዲን መሰላሉን ለቀቀ፤ ከረጢቱን ከቤት አመጣ፤ ወረቀቱን አራገፈ። ከዚያ ሰማይ አይቶ ተናገረ፦ «ውሳኔው 'ቀይ እስክሪብቶ አይነካም' ይላል። ሰማያዊ አይልም።» ሰማያዊ እስክሪብቶውንም ከኪሱ አወጣ። «ሪፖርት አናርምም» የሚለውን ማንም አላስታወሰውም። የመጀመሪያዋ ሪፖርት ስትገለጥ ዘሊካ ብድግ አለች፤ ቆርቆሮው ተመታ፤ አፏ ተከፈተ፤ ግሪሳው ከሁለተኛው ትልም ተነቅሎ በቀጥታ ወደ ከበደ ማሳ ሄደ። የከበደ ዐዋጅ እዚህ አይጻፍም፤ ስድብ ነበረበት።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እላይ አንዷ ከወፍ፣ እታች አንዱ ከኮምጣጤው ሪፖርት ጋር ተዋጉ። ኸይረዲን ማረም ጀመረ እንጂ ደስ ብሎት አልነበረም። «ይሄ መሣሪያውን በአፉ ነው እንዴ ያነበበው?» ይላል። «ይቺ የራዊያን ገልብጣለች፤ ራዊያም ከሌላ ገልብጣ ነው» ይላል። ዘሊካም «ሁሽ!» ትላለች፤ ለወፉ ይሁን ለሱ አይታወቅም። ሸህ ኑሀ የታረመውን እየተቀበሉ በድንጋይ ይጫኑት ነበር፤ እያንዳንዱን ሲጭኑ «አልሃምዱሊላህ» ይላሉ። ስልኩ ከላይ ይጮሃል፤ ዘሊካ አንብባ ታሰማለች፦ «የኮሚቴው ሊቀመንበር ጽኑ ይላሉ!» ኸይረዲን አንገቱን ደፍቶ ቀጣዩን ይገልጣል።

ስምንት ሰዓት ላይ ዐሥራ ሰባተኛዋ ሪፖርት እየታረመች ሳለ ሌላ መልእክት መጣ። ፎቶ ነበረው። በፎቶው ላይ ዘጠኝ አዲስ ወንበር ከነፕላስቲኩ ተደርድሯል። ቃሉም እንዲህ ይላል፦ «ድል! ዘጠኝ ወንበር ተረክበናል። ቀሪው ይመጣል ተብሏል። አድማው ከዚህ ሰዓት ጀምሮ አብቅቷል። ሰኞ ሥራ እንጀምራለን። በቀስታ።»

ዘሊካ አነበበች። አንዴ ወደ ታች አየች። ባለፈው መንፈቅ፣ ምንም አድማ ሳይኖር፣ እንዲህ ያለውን አርባ ሦስት ሪፖርት ኸይረዲን ያረመው በዐሥራ አንድ ሳምንት ነው። አድማ አለቀ ማለት ሥራ ይጀመራል ማለት ነው እንጂ ሥራ ያልቃል ማለት አይደለም። ስልኩን በቀሚሷ ኪስ አስገባች፤ ቆርቆሮውንም መታች።

ኸይረዲን ከሥር ሆኖ ወሬ ጠየቀ። ዘሊካም ሳትዋሽ ዐወጀች፦ «ሊቀመንበሩ ስለ ወንበር ይጽፋሉ!» እሱም «ጀግና ነው» አለ፤ ዐሥራ ስምንተኛዋን ገለጠ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አርባ ሁለቱ አለቁ። የዘሊካን ሪፖርት ሆን ብሎ መጨረሻ አድርጓት ነበር። ሁለት ጊዜ አነበባት፤ ስሕተት ፈለገባት፤ ያገኘው ትንሽ ነው። ከሠላሳ ሃያ አንድ ሰጣት፤ ከሥሩም በሰማያዊ «ማጠቃለያው በጣም አጭር ነው» ብሎ ጻፈ። ማጠቃለያዋ «ኮምጣጤው ቀጭን ነው» የሚል ነበር። ከዚያ የውጤቱን ዝርዝር ሞላ፤ ፈረመ፤ ዘሊካም ወንጭፉን በእጁ አስረከበችውና ወረደች። የተፈረመውን ዝርዝር ከሸህ ኑሀ እጅ ተቀብላ፣ አጥፋ፣ ጡቷ ሥር ካስገባች በኋላ የወንበሩን መልእክት ከነሰዓቱ ለኸይረዲን ጮክ ብላ አነበበችለት።

ኸይረዲን ወንጭፍ እንደያዘ ሪፖርቱን በጣቱ ቆጠረ። ወፎቹ እንኳ ያኔ ሄደዋል። ቆጥሮ ሲጨርስ እንዲህ አለ፦ «ዐሥራ ስድስቱን በአድማ፣ ሃያ ሰባቱን ከአድማ በኋላ አርሜአለሁ። ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ? ከዳተኛ ነኝ ወይስ ትጉህ?»

እትዬ መይሙና ከመሶቡ ላይ ተነሡና የመጨረሻውን ዐዋጅ ዐወጁ፦ «ምሳህን ብላ።»

ዓርብ ማለዳ ዘሊካ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ዩኒቨርሲቲው ወረደች። ጎማ ሁለት ጊዜ ፈነዳ፤ ሁለተኛውን ራሷ ቀየረችው፤ ሾፌሩ ቆሞ አየ። ሬጅስትራሩ በር ላይ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ደረሰች። መዝጋቢው ወረቀቱን ገልብጦ አየና፣ ለምን በቀይ እንዳልተጻፈና ለምን ቀኝ ጥጉ ላይ የወፍ ኩስ እንዳለበት ጠየቀ። ሰዓቱን አሳየችው። ማኅተሙን ራሷ አቀበለችው። መታ። ክፍሉ በሙሉ ተመዘገበ፤ የተኙትም፣ ወፍጮ ቤት የሄደውም፣ ጎብዬ ካፌ የቀሩትም። አርባ ሁለቱ በቴሌግራም አውራ ጣት ላኩላት። ከመካከላቸው አንዱ ግን በዚያው ሰዓት «ውጤቴ አንሷል» ብሎ አቤቱታ አስገባ። ስሙ ከዚህ መዝገብ ተፍቋል።

ሸህ ኑሀም ከጁምዓ ሶላት በኋላ በማሳቸው ዳር ቆመው፣ ለጎረቤት ሁሉ፣ ለከበደም ጭምር፣ እንዲህ ብለው ዐወጁ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ማማ የዘሊካ ማማ ይባላል። ልጄ ሊወጣበት ሲፈልግ ደውሎ ያስፈቅዳት። የሚደውለውም ከላይ ሆኖ ስለሆነ፣ እንዴት እንደሚያደርግ እሱ ይወቀው፤ የተማረ ነው።»

እንግዲህ ምስጋናዋ ይነገር። ዘሊካ ወለተ አህመድ፣ ንግሥተ ማማ፣ መዋዒተ ግሪሳ፣ አድማን በአድማ የመታች፣ አርባ ሦስት ነፍስ በአንድ ቆርቆሮ ያዳነች፣ ሃያ አንድ ከሠላሳ አግኝታ ያላጉረመረመች፣ ሠራዊቷ ሁሉ ሲቀር በራሷ ድምፅ ብቻ የዘመተች፣ የማሽላ ጋሻ፣ የከበደ መከራ፣ የሰነፍ መካሪ፤ ከቆቦ እስከ ዋጃ ስሟ ይጠራ፣ ባጃጅ ሁሉ እስከ ማሳው ድረስ ያድርሳት፣ በሄደችበት ወንበር አይጣባት፣ ወፍ ሁሉ ድምፅዋን ሲሰማ አገር ይልቀቅ! በምድረ ራያ ከሷ በፊት እንዲህ ያለ አልተነሣም፤ ከሷም በኋላ የሚነሣ አይመስልም።

የመውጫ ፈተናው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በቃሽ፤ ሂጂና አጥኚ።